የሞኖብሎኩ መርዶ

የትጉሃን ተሽከርካሪ ጥገና ኅብረት ሥራ ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቦታ፦ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ በማኅበሩ ጋራዥ፣ በተፈታው ሞተር ዙሪያ
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ በ9፡10 የተጀመረ

በስብሰባው ላይ የተገኙ

1. አቶ ሁመድ ይማም፣ ሰብሳቢ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር የፈቱ፣ አብዛኛውንም መልሰው የገጠሙ።
2. አቶ ደገፋ ወልዴ፣ የራዲያተር በያጅ።
3. አቶ ሙኒር ሸምሱ፣ ከቴክኒክ ኮሌጅ የተመረቁ፣ የመኪና ጉልበት ጨማሪ። ማዕረጉን የሰጡት ለራሳቸው ነው።
4. አቶ በከር ሰይድ፣ መካኒክ። ስብሰባውን ከአንድ ሚኒባስ ሥር በጀርባቸው ተኝተው የተካፈሉ።
5. ወ/ሮ ዕፀገነት ፍሰሐ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ኃላፊና ጸሐፊ። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ሳትጠየቅ የተመረጠች።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወ/ሪት ጀነት ሁመድ፣ የመኪናዋ ባለቤት፣ የሰብሳቢው ልጅ።

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ሰፈራቸው ውሃ መጥቷል ተብሎ ስለተደወለላቸው ጀሪካን ሊሞሉ ሄደዋል። ምክንያታቸው በቂ ሆኖ ተገኝቷል፤ እንዲያውም የቀሩት አባላት ቀንተዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስምንት አባላት አምስት ያስፈልጋሉ። አቶ በከር ከወገባቸው በላይ ስብሰባው ላይ የሉም የሚል ተቃውሞ ከአቶ ሙኒር ቀርቧል። ሆኖም ጆሯቸው እስከሰማና እግራቸው እስከታየ ድረስ እንደተገኙ እንዲቆጠርና ድምፃቸውን እግራቸውን በማንሳት እንዲሰጡ ተወስኖ ጉባኤው ሞልቷል።

የስብሰባው ምክንያት

ወ/ሪት ጀነት በመጪው እሑድ በሚደረገው የመኪና ውድድር ተመዝግበዋል። ከተመዘገቡት ሁሉ ሴት እርሳቸው ብቻ ናቸው። መኪናቸው አሮጌ ዲኤክስ ስትሆን፣ አቶ ሙኒር ጉልበቷን ለመጨመር ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ተርቦ፣ ማለትም ሞተር ውስጥ አየር በግፊት የሚያስገባ ዕቃ፣ ገጥመውላታል። ሰኞ ዕለት አቶ በከር ሊሞክሯት ይዘዋት ወጥተው፣ ሜክሲኮ አካባቢ በባቡሩ ግንባታ በተዘጋጋው መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመዋል። ለመሮጥ የተሠራች መኪና በመቆም ጋለች፤ ስትመለስ ከኮፈኗ እንፋሎት እየወጣ ነበር።

ሞተሩ ማክሰኞ ተፈታ። ቴስታታው፣ ማለትም ከላይ የሚከደነው የአሉሚኒየም ክፍል፣ መጥመሙን ሁሉም አምኗል። ይህ ችግር አይደለም፤ አቶ ሙኒር ነገ እዚሁ ልገውት ቅዳሜ ይገጠማል። ጥያቄው ከሥር ያለው ዋናው የብረት አካል፣ ሞኖብሎኩ፣ አብሮ ጠሟል ወይስ አልጠመመም ነው። ቀጥ ያለ ከሆነ ወ/ሪት ጀነት እሑድ ይወዳደራሉ። ከጠመመ ግን ሞተር ወደሚላግበት ሪቲፊካ ቤት መሄድ አለበት፤ የሪቲፊካው ወረፋ ደግሞ አሥራ ሁለት ቀን ነው። ውድድሩ ያልፋቸዋል።

አጀንዳ 1፦ ሙቀቱን ማን እንዳመጣው

ይህ አጀንዳ አልነበረም። አቶ ደገፋና አቶ ሙኒር ሰብሳቢው ስብሰባውን ሳይከፍቱ ስለጀመሩት በተራ ቁጥር አንድ ሊያዝ ግድ ሆኗል።

አቶ ደገፋ ጥፋቱ የተርቦው መሆኑን አስረድተዋል። ሞተሩ የሰባ ፈረስ ጉልበት እንዲሸከም የተሠራ ሆኖ ሳለ የመቶ ሠላሳ ፈረስ እሳት እንደተለቀቀበት፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ያን ሁሉ ግፊት የሚችልበት ውፍረት እንደሌለው፣ ነገሩ በአህያ ላይ የግመል ጭነት መጫን መሆኑን ገልጸዋል። አቶ ሙኒር በበኩላቸው ብረቱ እንደሚችል፣ ያልቻለው ራዲያተሩ መሆኑን፣ አቶ ደገፋ የጠገኑት ራዲያተር ውስጥ ከውሃ መንገዱ ይልቅ ብየዳው እንደሚበዛ መልሰዋል። አቶ ደገፋ «እኔ የበየድኩት እንኳን ውሃ ሐሜትም አያሾልክም» ብለዋል። አቶ ሙኒር ችግሩ እሱው እንደሆነ፣ ምንም እንደማያሳልፍ ተናግረዋል። ቀጥሎ የተባባሉትን ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋ ስላለቀ አልጻፈችውም። እንዳበቁ እስክሪብቶው መሥራት ጀምሯል።

ሰብሳቢው ሁለቱንም ዝም አሰኝተው፣ ሰኞ ከመውጣታቸው በፊት ውሃ ተመልክተው እንደነበር አቶ በከርን ጠየቁ። አቶ በከር ከሚኒባሱ ሥር እንዳልተመለከቱ፣ ያልተመለከቱትም የማኅበሩን ውሳኔ አክብረው መሆኑን መለሱ። የትኛውን ውሳኔ ቢባሉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሉ። ጸሐፊዋ ተነሥታ አነበበችው።

ሰብሳቢው ዕድሜ ልካቸውን አንድ አባባል አላቸው፦ «ቴስታታ ይጠማል፣ ሞኖብሎክ አይጠምም። ሞኖብሎክ ቢመጣበት ይሰነጠቃል እንጂ አይጎብጥም።» ማኅበሩም ይህንኑ በ1999 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ አጽድቆ ለጥፎታል። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ግን አንዲት ፊደል ስተው «ሞኖብሎክ አይጠማም» ብለው ጽፈዋል። አቶ በከር የማይጠማ ነገር ውሃ አያሻውም ብለው ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ሲሠሩ ኖረዋል። አቶ ደገፋ፣ ተርቦም ጠምቶትም ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ሞተር ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ እንደማይገባ ሐሳብ አቅርበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል።

1.1 አባላት እንደ ዘመድ ስለሚተያዩ ጥፋቱ በየትኛውም አባል ላይ እንዳይሆን፣ ለሜክሲኮ አደባባይ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው፣ አደባባዩ የፖስታ ሳጥን ስለሌለው ማስጠንቀቂያው በማኅበሩ በር ላይ እንዲለጠፍ።
1.2 «አይጠማም» የሚለው «አይጠምም» ተብሎ እንዲታረም፣ አቶ በከርም እንዲነበብላቸው። ተነብቦላቸዋል። ልዩነቱ እንዳልታያቸው ገልጸዋል።

አጀንዳ 2፦ ሞኖብሎኩ ጠሟል ወይስ አልጠመመም

ሰብሳቢው ሪጋውን፣ ማለትም የማኅበሩን ብቸኛ ቀጥታ መለኪያ ረጅም ብረት፣ ሰው ሳይልኩ ራሳቸው ሄደው አመጡ። ሞኖብሎኩ ላይ አጋድመው አቶ ሙኒርን ከሥሩ የሲጋራ ወረቀት እንዲያሾልኩ አዘዙ። ወረቀቱ መሐል ላይ ካለፈ ሞኖብሎኩ ጎድጉዷል ማለት ነው። ወረቀቱ አለፈ። ሲመለስም አለፈ።

ሰብሳቢው «ጠሟል» አሉ።

ጸሐፊዋ በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ እንዲደግሙላት ጠየቀች። ደገሙላት። ከመጀመሪያው ይልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

አቶ ሙኒር፣ ወፍራም ብረትም ቢሆን አንዱ ጎኑ ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ እንደሚጎተት፣ በተለይ ተርቦ ሲጨመርበት ከዚያ እንደማያመልጥ ላለፉት አራት ዓመታት ሲከራከሩ እንደነበር አስታውሰዋል። ሰብሳቢው ሁልጊዜ «እሱ ኮሌጅህ ውስጥ ነው የሚጠመው» ብለው ይመልሷቸው ነበር። አቶ ሙኒር ዛሬ በማሸነፋቸው እንዳልተደሰቱ ገልጸው፣ «ምነው በሌላ ሰው መኪና በሆነ» ሲሉ አክለዋል። ወ/ሪት ጀነት በዚህ ጊዜ ከሞኖብሎኩ ሁለት እርምጃ ርቀው ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር። 

2.1 ሞኖብሎኩ መጥመሙ በአራት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዐቅቦ ተወስኗል። ድምፅ ያልሰጡት አቶ በከር ሲሆኑ፣ የተኙበት ሆነው ማየት የቻሉት የሚኒባሱን የዘይት ቋት ብቻ መሆኑን በምክንያትነት አቅርበዋል።
2.2 «ሞኖብሎክ አይጠምም» የሚለው ውሳኔ በታረመ በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ተሽሯል።

አጀንዳ 3፦ ለባለቤቷ መርዶ ስለሚነገርበት ሁኔታ

የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ በ1998 ዓ.ም. ሲጻፍ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል ከሰፈሩ እድር ደንብ ላይ የተገለበጠ ነው። «እድር» የሚለው «ማኅበር»፣ «ሟች» የሚለው «ሞተር» በሚል ተተክቷል፤ የቀረው እንዳለ ነው። በዚህም ደንብ አንቀጽ 11 «ሞተር ሲያርፍ መርዶ ለቤተሰብ በድንገት አይነገርም። ሦስት ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ አረጋግተው ይነግራሉ» ይላል።

ጸሐፊዋ ባለቤቷ ሁሉንም ሲሰሙ እንደነበር አስገንዝባለች። ሰብሳቢው በደንቡ መሠረት ገና እንዳልሰሙ ገልጸዋል። ስለሆነም፦

3.1 ወ/ሪት ጀነት ከበር ውጭ ወጥተው ምንም እንደማያውቅ ሰው እንዲቆሙ፤
3.2 ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ሲባል ማለዳ ነው ተብሎ እንዲያዝ፤
3.3 ሰብሳቢው ቤተሰብ ስለሆኑ መርዶ ነጋሪነቱ እንዲቀርላቸው፣ በምትካቸው የሃያ ሰባት ዓመቱ አቶ ሙኒር ለግማሽ ሰዓት ሽማግሌ እንዲሆኑ ተወስኗል።

አቶ ደገፋ፣ አቶ ሙኒርና ጸሐፊዋ ወደ በሩ ወጡ። አቶ ደገፋ ሰው ሆኖ የማይሞት እንደሌለ፣ አላህ የሰጠውን አላህ እንደሚወስድ በማንሳት ጀመሩ። ወ/ሪት ጀነት «ጋሽ ደገፋ፣ እዚያው ተቀምጬ ነበር እኮ» አሉ። አቶ ደገፋ ይህን እንዳልሰሙ ሆነው፣ ሟቹ ብዙ እንዳልተሠቃየ አስረዱ። ሽማግሌ ሙኒር መቀመጫ ፈልገው ስላጡ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጧቸውና ዋናውን ነገር ተናገሩ።

ወ/ሪት ጀነት አላለቀሱም። ማን እንደለካው ጠየቁ። አባታቸው እንደለኩት ተነገራቸው። ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቁ። አንድ ጊዜ እንደሆነ ተነገራቸው። «ሪጋውን ገልብጦ አየ?» ሲሉ ጠየቁ። እንዳልተገለበጠ ተነገራቸው። ወ/ሪት ጀነት ከጀሪካኑ ተነሥተው ተመልሰው ገቡ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሪት ጀነት ሪጋው ተገልብጦ እንደገና እንዲለካ ጠየቁ። ሪጋ አንድ ጊዜ አስቀምጦ እንደማይፈረድ፣ በሁለቱም ጠርዙ እንደሚታይ የተማሩት በዘጠኝ ዓመታቸው እዚሁ ጋራዥ መሆኑን፣ ያስተማሯቸውም ሰብሳቢው መሆናቸውን ገለጹ። ሰብሳቢው ሰዓቱ እንደመሸ አሳሰቡ። ጸሐፊዋ በውሳኔ 3.2 መሠረት ገና ማለዳ መሆኑን አስታወሰች።

ሪጋው ተገለበጠ። አሁን ወረቀቱ መሐል ላይ አላልፍ ብሎ ዳርና ዳር አለፈ። አንድ ሞኖብሎክ በአንድ ጊዜ ጎድጓዳም ጉብታም ሊሆን ስለማይችል የጎበጠው ሪጋው መሆኑ ታወቀ።

ጸሐፊዋ የቆዩ ቃለ ጉባኤዎችን አገላብጣ የሚከተለውን አገኘች። ጥር ላይ የበሩ ቁልፍ ስለጠፋ ሪጋው ለጊዜው የበር መወርወሪያ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የካቲት ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ በሩን ገጭቷል። ሪጋው በሩን በማዳኑም ማኅበሩ ምስጋና አስመዝግቦለታል። አቶ ሙኒር ከዚያ ወዲህ በዚህ ሪጋ የተለኩትን ቴስታታዎች በጣታቸው ቆጠሩ። ሰባት ናቸው። ደንበኞቹ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚመለሱ አሁን ገባኝ አሉ። ማኅበሩ እስካሁን ሥራችንን ስለወደዱት ይመስለው ነበር።

በዚህ መካከል አቶ በከር ከሚኒባሱ ሥር የመናገር ዕድል ጠይቀው ተሰጣቸው። «ጋሽ ሁመድ ባለፈው ሳምንት፣ በከር ይሄን ሪጋ ለሥራ እንዳትነካ፣ ጎብጧል፣ ለበር ብቻ ነው ብለውኝ የለም እንዴ? ዛሬ ማን ነው ያመጣው?» አሉ። የማንንም ፊት ስለማያዩ፣ መልስ ሲጠፋ ያልተሰሙ መስሏቸው ጮክ ብለው ደገሙት።

ሰብሳቢው ሪጋውን ይዘው ሄደው ወደ በሩ መለሱት።   

አቶ ደገፋ፣ ወፍራም መስታወት እንደማይጎብጥ፣ የቢሮው ጠረጴዛ ላይ ያለው መስታወት ቀለም ተቀብቶ ሞኖብሎኩ ላይ ቢጋደም ቀለሙ የነካበት ቀጥ ያለ፣ ያልነካበት የጎደጎደ መሆኑ እንደሚታወቅ ሐሳብ አቀረቡ። ቀለም ሲፈለግ የተገኘው የማኅበሩ የማኅተም ቀለም ብቻ ነው። ጸሐፊዋ የማኅተም ቀለም ከሕጋዊ ሰነድ ውጭ በምንም ላይ እንዳይውል አንቀጽ 19 እንደሚከለክል፣ ጠርሙሱም ያለው አንድ እንደሆነ ገልጻ ተቃውማለች።

4.1 ሞኖብሎኩ ለጊዜው ሕጋዊ ሰነድ ነው ተብሎ እንዲቆጠር በሦስት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዐቅቦ ተወስኗል። ድምፀ ተዐቅቦው የሰብሳቢው ነው።

መስታወቱ ተቀብቶ ተጋደመ፣ ተነሣ። ሞኖብሎኩ ከዳር እስከ ዳር፣ በአራቱም ሲሊንደር ዙሪያ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል ሐምራዊ ሆነ። አቶ ሙኒር ጠርገው መስታወቱን አዙረው ደገሙት፣ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ደገሙትና ተነሥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አልጠመመም» አሉ፤ «ጋሽ ሁመድ ልክ ነበሩ»። ሰብሳቢው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ሞኖብሎክ አንድ ቀን ብቻ ተሳስተው እንደተናገሩ፣ ቀኑም ዛሬ መሆኑን ጉባኤው ተገነዘበ።

ሰብሳቢው ልጃቸው ተቀምጠውበት በነበረው ጎማ ላይ ተቀመጡ። ወ/ሪት ጀነት «አባ፣ እያወቅክ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው የሚከተለውን ተናገሩ፤ ጸሐፊዋ ቃል በቃል ጽፋዋለች። «እያወቅኩ ነው። ሞተሩማ ምን አለበት፣ ቢሰነጠቅም ሌላ ይገኛል። አንቺን ከየት አመጣለሁ? ፈራሁ።»

ወ/ሪት ጀነት «እኔም እፈራለሁ» አሉ። «የምፈራው ግን አንተ ያልነካኸው ሞተር ይዤ መግባት ነው።»

ሰብሳቢው የቴስታታውን ቡሎኖች ቅዳሜ ማን እንደሚያጠብቅ ጠየቁ። አቶ ሙኒር እርሳቸው እንደሚያጠብቁ ገለጹ። ሰብሳቢው «ያንተ እጅ ይቸኩላል» አሉ። ቡሎኖቹን ራሳቸው በሦስት ዙር፣ ከመሐል ወደ ዳር እየሄዱ እንደሚያጠብቁ፣ ራዲያተሩንም አቶ ደገፋ ዛሬውኑ ከፍተው እንዲያጸዱት፣ ውሃውን ደግሞ ከአቶ በከር በስተቀር ማንም ሰው እንዲሞላው አዘዙ። ይህ በድምፅ አልተወሰነም፤ ማንም ግን አልተከራከረም።

ማጠቃለያ

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡05 ላይ ሲበተን የሚከተለው የመጨረሻ ውሳኔ ተላልፏል።

በዛሬው ስብሰባ ከምልዓተ ጉባኤው ጀምሮ እስከ 4.1 የተወሰነው ሁሉ፣ ከ1.2 የፊደል እርማት በቀር፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር። በዚህም መሠረት ሞኖብሎክ አይጠምም። ለሜክሲኮ አደባባይ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ተነሥቷል። አሥር ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው። አቶ ሙኒር ከሽማግሌነት ወርደዋል። ሞኖብሎኩ ሰነድነቱ ተሽሯል፣ ቀለሙ ግን በቤንዚንም አለቀቀም። የአቶ በከር መገኘትም በዛሬው ውሳኔ የተቆጠረ ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው ፈርሷል፤ ስብሰባው ራሱ አልተካሄደም።

ሰብሳቢው፣ ስብሰባው ካልተካሄደ «ፈራሁ» ያሉትም አብሮ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ወ/ሪት ጀነት ድምፅ ባይኖራቸውም እንዳይሰረዝ ለምነዋል። ጸሐፊዋ ጉዳዩን ለድምፅ አቅርባለች። የአቶ በከር ሁለት እግር እንደ አንድ ድምፅ ተቆጥሮ፣ ቃሉ እንዲቀመጥ በአራት ድምፅ ተወስኗል።

የተቃወሙት ሰብሳቢው ብቻ ናቸው። ፈርመዋል።